ኢሙሌተር ምንድን ነው? በትንሿ ኮምፒውተራችን ላይስ እንዴት ይገባል?

የዛሬው ጽሑፋችን ካርቲየ 6 ባለው የኮምፒውተር ክፍላችን ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄን ይመለከታል። «ቲቸር፣ ይሄ የታይፕ መለማመጃ አሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ይሠራ ነበር፤ ትንሿ ላይ ለምን እምቢ አለ?» ፕሮግራሙ አልተበላሸም፣ ኮምፒውተሯም ደህና ናት። ሁለቱ ያልተግባቡት በቋንቋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌዎቹ ዴስክቶፖች ፕሮሰሰራቸው የኢንቴል ቤተሰብ ነው። እንደ ራስበሪ ፓይ ያሉት መዳፍ የሚያካክሉ ኮምፒውተሮች ደግሞ አርም በሚባል ፕሮሰሰር ይሠራሉ። ለአንዱ የተዘጋጀው ፕሮግራም ለሌላው ባዕድ ቋንቋ ነው። እዚህ ሰፈር አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሲገናኝ አስተርጓሚ እንፈልግ የለ? ኢሙሌተር ማለትም ይኸው አስተርጓሚ ነው።

ከነዚህ አንዱ ኪውኢሙ ነው። ፋብሪስ ቤላር የተባለ ፈረንሳዊ ፕሮግራመር በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነፃ ሶፍትዌር ነው። የፕሮግራሙን ትእዛዞች ቁራጭ በቁራጭ እያነሳ ወደ አርም ቋንቋ ይመልሳል። አንዴ የተረጎመውን ያስቀምጠዋል፤ ያው ቁራጭ ሲደገም እንደገና አይደክምበትም። ያም ሆኖ በአስተርጓሚ የሚደረግ ወሬ መዘግየቱ አይቀርም። ለዶስ ዘመን ፕሮግራሞች ፍጥነቱ ይበቃል፤ ለአዳዲስ ዊንዶውሶች ግን አይመከርም። ደግሞም ኪውኢሙ የሚሰጠን ባዶ ኮምፒውተር ስለሆነ ዶስን እኛው መጫን አለብን። ለዚህ በ1994 የተጀመረው ፍሪዶስ በነፃ ይገኛል።

ለምን «ማሸግ» አስፈለገ?

ዝም ብለን ብንጭነውስ? ይቻላል። ግን የካምፕ ነገር ታውቃላችሁ፤ ኮምፒውተሩን ያዘጋጀው መምህር ፕሮሰሱ አልቆለት ወደ ሦስተኛ አገር ይሄዳል፤ ካርዱ ሲበላሽ እንዴት እንደሠራው የሚያውቅ ይጠፋል። ማሸግ ማለት ሥራውን ሌላ ሰው ሊደግመው በሚችል መልኩ ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

ለአንድ ሥራ ብቻ ለሚሰናዱ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ሙሉውን ሊኑክስ ከምንጭ ኮዱ ጀምሮ የሚገነባ ቢልድሩት የሚባል መሣሪያ አለ። በውስጡ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ፎልደር አለው። በፎልደሩ ውስጥ ሦስት ዋና ፋይሎች አሉ። አንዱ በሜኑ ላይ ምርጫው እንዲታይ ያደርጋል። ሁለተኛው ኮዱ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ቨርዥን እንደሆነና አስቀድሞ ምን ምን መገንባት እንዳለበት ይናገራል። ሦስተኛው የወረደው ፋይል እንዳልተበላሸ ወይም እንዳልተለወጠ ማረጋገጫ ነው። ደግነቱ የኪውኢሙ ፓኬጅ ቀድሞ ተጽፎ እዚያው አለ፤ አሠራሩን ማወቅ ግን ነገ የራሳችሁን ፕሮግራም ለማሸግ ይጠቅማችኋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

1. ኪውኢሙ በቢልድሩት ሜኑ ላይ ሁለት ቦታ ይገኛል። አንዱ ግንባታው በሚካሄድበት ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ሲሆን ለሙከራ ያገለግላል። ሌላው በትንሿ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው ነው። እኛ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። በሜኑው ላይ ካጣችሁት የሚያስፈልገው ነገር አልተሟላም ማለት ነው፤ ሜኑው ራሱ የጎደለውን ይነግራችኋል።

2. ኪውኢሙ የብዙ ፕሮሰሰሮችን ቋንቋ ያውቃል። ሁሉንም ከመረጣችሁ ግንባታው ይረዝማል፣ ካርዱም ይሞላል። ለዶስ ፕሮግራም የ32 ቢቱ ኢንቴል ብቻውን ይበቃል።

3. ስክሪን ላይ መስኮት የሚከፍተውን ኤስዲኤል የሚባል ምርጫ አትርሱ። ያለሱ ኢሙሌተሩ ቢነሳም ተማሪው ፊት መስኮት አይከፈትም።

ኢንተርኔት በሌለበትስ?

ግንባታው በዘገምተኛ ላፕቶፕ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ግን ኮዱን ለማውረድ ብቻ ነው። ከተማ ሳላችሁ ምርጫችሁን ጨርሱና በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈውን «ሜክ ሶርስ» የተባለ ትእዛዝ ስጡ፤ የሚያስፈልገውን ኮድ ሁሉ አውርዶ «ዲኤል» በሚባል ፎልደር ያስቀምጥላችኋል። ከዚያ ሙሉውን የቢልድሩት ፎልደር በሃርድ ዲስክ ይዛችሁ አሊ አዴ ወይም ሆል ሆል ብትገቡ ያለ ኔትወርክ መገንባት ትችላላችሁ።

በመጨረሻ «ሜክ ሴቭዴፍኮንፊግ» የሚለው ትእዛዝ ምርጫችሁን በአንድ አጭር ፋይል ያስቀምጣል። ፋይሉን ከሁለት ሰው በላይ ይያዘው። በደብተርም ገልብጡት፣ የቢልድሩቱን ቨርዥን ቁጥርም አብራችሁ ጻፉ፤ በሌላ ቨርዥን አንዳንዱ ምርጫ ስሙ ተቀይሮ ሊገኝ ይችላልና። ያን ደብተር የያዘ ተማሪ መምህሩ ባይኖርም ክፍሉን መልሶ ማስነሳት ይችላል።

ሞክራችሁ ያቃታችሁ ነገር ካለ ጻፉልን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!