የፈረስ ዘመድ የሆኑ የዱር እንስሳትን ፎቶግራፍ ማንሳት፦ ከርቀት የሚወሰድ ምስል ለጥበቃ ያለው ጥቅም

ፈረስ በሀገራችን ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» በተሰኙት የፈረስ ስሞቻቸው እስከ ዛሬ ይወሳሉ። ከሰው እጅ ርቀው በሜዳና በበረሃ የሚኖሩት የፈረስ ዘመዶች ግን ያን ያህል አይታወቁም። ቁጥራቸውም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተመናመነ መጥቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እነዚህን እንስሳት በካሜራቸው ለማስቀረት ወደ ጥብቅ ስፍራዎች የሚጓዙ ጎብኚዎች አሉ። በጥንቃቄ የተወሰደ ፎቶግራፍ እንስሳቱን ለመቁጠርና ለመከታተል ያገለግላል፤ ያለ ጥንቃቄ የተወሰደው ግን ከውሃቸውና ከግጦሻቸው ሊያርቃቸው ይችላል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነትና ጎብኚዎች ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

በኢትዮጵያ የሚገኙት እንስሳት

በፈረስ ቤተሰብ ከሚመደቡት የዱር እንስሳት መካከል ሦስቱ በኢትዮጵያ ይገኛሉ። የመጀመሪያው በአፋር በረሃ የሚኖረው የአፍሪካ የዱር አህያ ነው። ለማዳዋ አህያ የተገኘችው ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። በእግሮቹ ላይ በሚታዩት ጥቋቁር ሰረዞች በቀላሉ ይለያል። በአሁኑ ጊዜ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ እንደሚገኝ የሚታመን ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥር ከ200 እንደማይበልጥ ይገመታል። በዚህም ምክንያት በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት ተርታ ተመድቧል።

ሁለተኛው የግሬቪ የሜዳ አህያ ሲሆን፣ ሦስተኛው በነጭ ሳር፣ በማጎና በኦሞ ብሔራዊ ፓርኮች የሚታወቀው ተራ የሜዳ አህያ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሰረዞቻቸውን መመልከት በቂ ነው። የግሬቪ የሜዳ አህያ ሰረዞች ቀጫጭንና የተቀራረቡ ሲሆኑ ሆዱ ነጭ ነው፤ ጆሮዎቹም ትላልቅና ክብ ናቸው። የተራው የሜዳ አህያ ሰረዞች ግን ሰፋፊ ሆነው እስከ ሆዱ ይዘልቃሉ።

ከእነዚህ ሌላ በምሥራቅ ሐረርጌ ዞን በቁንዱዶ ተራራ «የዱር ፈረሶች» በመባል የሚታወቁ ጥቂት ፈረሶች አሉ። እነዚህ በሳይንሳዊ ትርጉሙ ከመነሻቸው የዱር እንስሳት የሆኑ ሳይሆኑ፣ ለማዳ ከነበሩ ፈረሶች ተወልደው ያለ ሰው ጥበቃ በተራራው ላይ የኖሩ ናቸው። ይህ ልዩነት የሚነሳው ግን ክብራቸውን ለመቀነስ አይደለም። ለጎብኚው የሚሰጠው ምክር ለሁሉም አንድ ነው።

የግሬቪ የሜዳ አህያና የሀላይደጌ ሜዳ

የግሬቪ የሜዳ አህያ ከዱር የፈረስ ቤተሰብ አባላት ሁሉ በግዙፍነቱ ቀዳሚ ነው፤ ክብደቱ እስከ 450 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሆን፣ መጠሪያው ከሀገራችን አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ለደረሳቸው የወቅቱ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ መታሰቢያ ነው። ቀደም ባለው ዘመን በሶማሊያና በጅቡቲም ይኖር የነበረ ቢሆንም፣ ዛሬ በተፈጥሮ መኖሪያው የሚገኘው በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ 15,000 ገደማ ይገመት የነበረው ቁጥሩ፣ አሁን ወደ 3,000 አካባቢ ወርዷል። ከእነዚህም አብዛኞቹ በኬንያ የሚኖሩ ሲሆን፣ በሀገራችን የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው።

በኢትዮጵያ ከሚገኝባቸው ዋና ዋና ስፍራዎች አንዱ ከአዋሽ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የተንጣለለው የሀላይደጌ ሜዳ ነው። ሌላው በደቡብ፣ በጨው ባሕርና በሳሪቴ አካባቢ የሚገኘው ሜዳ ነው። በሀላይደጌ ከአሰቦት ተራራ ግርጌ በሚዘረጋው የሣር ምድር ላይ ሳላና ልዩ ልዩ የሜዳ ፍየሎች ከሜዳ አህያው ጋር ተሰማርተው ይታያሉ። አካባቢው የአፋር፣ የሶማሌና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬትም ነው። በመሆኑም የሣሩና የውሃው ነገር ሰውን፣ ከብትንና የዱር እንስሳትን በአንድነት የሚመለከት ጉዳይ ነው። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ በአፋር ሜዳዎች እየተስፋፋ የግጦሹን ስፍራ ማጥበቡም ችግሩን አባብሶታል።

ርቀት መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል?

የግሬቪ የሜዳ አህያ በደረቅ ምድር የመኖር ችሎታ አለው። የማያጠባ እንስሳ እስከ አምስት ቀን ድረስ ውሃ ሳይጠጣ ሊቆይ ይችላል። የምታጠባ እናት ግን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መጠጣት ይኖርባታል፤ ያለዚያ ወተቷ ይቀንሳል። እርግዝናዋ 13 ወራት ያህል የሚፈጅ በመሆኑ፣ አንድ ግልገል ቢሞት መተካቱ ረጅም ጊዜ ይጠይቃል።

ጎብኚዎች የውሃ ዳር ለፎቶግራፍ ምቹ መሆኑን ስለሚያውቁ ወደዚያ ማዘንበላቸው የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ተሽከርካሪ ከውሃው አጠገብ ለሰዓታት ከቆመ እንስሳቱ ራቅ ብለው ይጠብቃሉ፤ አንዳንዴም ሳይጠጡ ይመለሳሉ። ሰውና ከብት ቀኑን ሙሉ በማይለዩበት የውሃ ስፍራ የሜዳ አህዮች ሌሊት መጥተው ለመጠጣት እንደሚገደዱ ታውቋል። ሌሊት ደግሞ አንበሳና ጅብ የሚያድኑበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በቀን ውሃ መከልከል በሌሊት ለአደጋ መዳረግን ያስከትላል።

ሌላው ጥንቃቄ ግልገሎችን ይመለከታል። እናቶች ውሃ ፍለጋ ርቀው ሲሄዱ ግልገሎቻቸውን በአንድ ስፍራ ሰብስበው የሚተዉበት ጊዜ አለ። ጎብኚው እንዲህ ያሉ ግልገሎችን ሲያገኝ «የተጣሉ ናቸው» በማለት ሊቀርባቸው ወይም ሊያነሳቸው አይገባም። አዲስ የተወለደ ግልገል እናቱን በሰረዟ፣ በሽታዋና በድምፅዋ ለይቶ የሚያውቀው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። በዚያ ወቅት የሚደርስ ድንጋጤ እናትና ልጅን ሊያለያይ ይችላል።

እንስሳው የሚሰጣቸው ምልክቶች

ተገቢው ርቀት ይህን ያህል ሜትር ነው ተብሎ በአንድ ቁጥር ሊወሰን አይችልም። ሰው የለመደ መንጋና ሰው ያልለመደ መንጋ የተለያየ ጠባይ አላቸው። ልኩን የሚያሳውቀው የእንስሳው ሁኔታ ነው። መንጋው ግጦሹን ካልተወ ርቀቱ ተስማሚ ነው ማለት ይቻላል። እንስሳቱ ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ጆሮዎቻቸውን ወደ ተሽከርካሪው ካቀኑ ወደፊት መሄድ ማቆም ያስፈልጋል። በእግራቸው መሬት መምታት፣ በአፍንጫቸው ማንኮራፋት ወይም መሰባሰብ ከጀመሩ ቀስ ብሎ ወደኋላ መመለስ ይገባል። እንስሳው መሮጥ ከጀመረ ግን ጎብኚው ከልክ በላይ ቀርቧል ማለት ነው። የሚሮጥ መንጋ በፎቶግራፍ ላይ ውብ ሆኖ ቢታይም፣ በሙቀትና በውሃ እጦት ያለ እንስሳ ያለ ጥቅም ጉልበቱን ማባከኑን መዘንጋት አይገባም።

ጥሩ ፎቶግራፍ ለማንሳት የሚረዱ ነጥቦች

የሚከተሉት ነጥቦች ለምስሉ ጥራትም ሆነ ለእንስሳቱ ደኅንነት ይጠቅማሉ።

ጊዜ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። በእኩለ ቀን ከመሬት የሚነሳው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው፣ ምንም ዓይነት ውድ ሌንስ ቢያዝ ከርቀት የሚነሳው ምስል ይደበዝዛል። ይህን ችግር በመቅረብ ለመፍታት ከመሞከር ይልቅ ማለዳን መጠበቅ ይሻላል።

ሌንስ፦ ከ300 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ርቀትን ጠብቆ ለማንሳት ያስችላል። በእጅ ስልክ ብቻ የሚጠቀም ጎብኚ መንጋውን ከነሜዳውና ከነተራራው ቢያነሳ፣ እንስሳው የሚኖርበትን ምድር የሚያሳይ መልካም ምስል ያገኛል።

ብርሃን፦ የሜዳ አህያ ነጭ ሰረዝ በጠንካራ ፀሐይ ከመጠን በላይ ስለሚያበራ ዝርዝሩ ይጠፋል። በካሜራው ላይ የብርሃኑን መጠን በጥቂቱ መቀነስ ነጩንም ጥቁሩንም በትክክል ለማሳየት ይረዳል። ፍላሽ መጠቀም አይገባም።

ፍጥነት፦ ለቆመ ወይም ለሚግጥ እንስሳ መካከለኛ የሸተር ፍጥነት ይበቃል። በራሱ ፈቃድ ለሚሮጥ ወይም ለሚጫወት እንስሳ በሰከንድ 1/1000 ወይም ከዚያ የፈጠነ ይመረጣል።

አቀማመጥ፦ ተሽከርካሪው በተፈቀደው መንገድ ላይ ቆሞ ሞተሩ ሊጠፋ ይገባል። እንስሳት ቆሞ ከሚታይ መኪና ይልቅ ከመኪና የሚወርድ ሰው ስለሚያስደነግጣቸው ከውስጥ ሆኖ ማንሳት ይመከራል። ከመንገድ ወጥቶ መንዳት ለዓመታት የማይጠፋ ዱካ በሣሩ ላይ ይተዋል።

ፎቶግራፍ ለቆጠራ እንዴት ያገለግላል?

እንደ ሰው የጣት አሻራ ሁሉ የሁለት የሜዳ አህዮች ሰረዝ ፈጽሞ አይመሳሰልም። ባለሙያዎች ይህን በመጠቀም እንስሳውን ሳይዙና ምልክት ሳያስሩበት በፎቶግራፍ ብቻ ለይተው ያውቁታል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2018 በተካሄዱት ቆጠራዎች በርካታ ተራ ዜጎች ካሜራ ይዘው ተሳትፈዋል። በ2018ቱ ቆጠራ በኬንያ 2,812 የግሬቪ የሜዳ አህዮች እንዳሉ ተገምቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን 50 እንስሳት ተነስተው በሰረዛቸው ተለዩ እንበል። በማግስቱ እንደገና 50 ተነሱ፤ ከእነዚህም 25ቱ የትናንቶቹ ሆነው ተገኙ። የሁለተኛው ቀን ግማሽ ቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን የታዩት 50ዎቹ ከጠቅላላው ግማሽ ያህል ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ በአካባቢው 100 ያህል እንስሳት እንዳሉ ይገመታል።

የአንድ እንስሳ የቀኝና የግራ ጎን ሰረዞች ስለሚለያዩ፣ ሁሉም አንሺዎች አንድ ዓይነት ጎን ካላነሱ ምስሎቹን ማነጻጸር አይቻልም። በእነዚህ ቆጠራዎች የተመረጠው ቀኝ ጎን ነው። በመሆኑም ጎብኚው እንስሳው በቀኝ ጎኑ ቆሞ ከትከሻው እስከ ዳሌው በግልጽ የሚታይበትን ምስል ቢያነሳ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን መዝግቦ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቢሰጥ ለጥበቃው ሥራ ጠቃሚ መረጃ ያበረክታል። ለዚህ ደግሞ የተረጋጋ እንስሳ ያስፈልጋል፤ ሮጦ አቧራ ያስነሳ መንጋ ሰረዙ አይለይም።

በአንጻሩ ትክክለኛውን ቦታ የሚገልጽ መረጃ በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች መለጠፍ አይመከርም። ዘመናዊ ስልኮችና ካሜራዎች የቦታውን መለያ በምስሉ ውስጥ በራሳቸው ስለሚመዘግቡ፣ ምስሉን ለሕዝብ ከማጋራት በፊት ይህን መረጃ ማጥፋት ያስፈልጋል። አለበለዚያ ምስሉ ለሕገ ወጥ አዳኝ መንገድ ጠቋሚ ሊሆን ይችላል።

ፈቃድና የአካባቢው ማኅበረሰብ

ወደ ጥብቅ ስፍራዎች ለመግባት የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለንግድ ወይም ለፊልም ሥራ የሚቀርጹ ደግሞ ልዩ ፈቃድ አስቀድመው ማውጣት ይኖርባቸዋል። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር የተከለከለ ሲሆን፣ ድምፁም መንጋ ይበትናል። ጎብኚዎች ከስካውት ጋር እንዲጓዙ ይመከራል። ስካውቱ መንገዱን፣ የውሃ ስፍራዎቹንና የእንስሳቱን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ በመሆኑ «ከዚህ አንለፍ» ሲል ቃሉን ማክበር ተገቢ ነው።

አርብቶ አደሮችን፣ ቤታቸውንና ከብቶቻቸውን ፎቶግራፍ ማንሳት የሚቻለው በፈቃዳቸው ብቻ ነው። በውሃ ስፍራ ከብት እየጠጣ ከሆነ ቅድሚያው የባለከብቱ ነው። የዱር እንስሳቱ እስከ ዛሬ ሊቆዩ የቻሉት በዚያው ሜዳ ላይ አብረዋቸው ከኖሩት ማኅበረሰቦች ጋር በመሆኑ፣ የጎብኚው አክብሮት ለሁለቱም ሊሆን ይገባል።

በአጠቃላይ፣ ለአንድ ጎብኚ ጥሩ የሚባለው ቀን እንስሳቱ መኖሩን ሳይጨነቁበት ግጠውና ጠጥተው የዋሉበት ቀን ነው። በዚያ ቀን የተነሳ ምስል ለባለቤቱ ማስታወሻ፣ ለባለሙያው ደግሞ አንድ ተጨማሪ የተቆጠረ እንስሳ ይሆናል። የቀሩት ጥቂት መቶዎች በሆኑበት በዚህ ወቅት አንድ እንስሳ እንኳ በቁጥር ውስጥ መግባቱ ትልቅ ዋጋ አለው።