ልጁ ከማን ጋር ይደግ? ቀለቡንስ ማን ይቈርጥለት?



በየማኅበረ ምእመናናችን ባልና ሚስት በተጣሉ ጊዜ አስቀድመው የሚጠሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ዕርቁ ለወራት ሲጓተት ልጆቹ ያለ ቀለብ የሚሰነብቱበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሕጉ የሚለውን በአጭሩ ልናስረዳችሁ ወደድን።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ጥያቄ የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃንም ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ከእናቱ ጋር ይቆይ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። የሽማግሌዎች ድርሻ ማስታረቅ ሆነ። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስለሚያወጡ፣ በሌላ ስፍራ ያላችሁ የክልላችሁን ሕግ ጠይቁ።

በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ቀለቡና ከሌላው ወላጅ ጋር ስለሚገናኝበት ሁኔታ ይወስናል። የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም ይመለከታል። የአሳዳጊው ኑሮ ቢለወጥ ውሳኔውም ሊለወጥ ይችላል። የቀለቡ መጠን የሚመዘነው በልጁ ችግርና በከፋዩ አቅም ነው።

የሥጋ ዝምድና ብቻውን ልጅን አያሰጥም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ፣ አባቱ ለዓመታት ያልጠየቀው ልጅ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲኖር አድርጓል። መሠረቱም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36፣ ማለት የሕፃኑ ጥቅም ነው።

ከሁሉ ይልቅ ይህን እንድትይዙልን እንለምናለን፤ የፍቺ አቤቱታ እንደ ቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ ወዲያውኑ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። እናት ወይም አባት የመጨረሻውን ፍርድ እስኪያገኙ ልጁ መራብ የለበትም። እንግዲህ ሽማግሌዎቻችን ማስታረቃቸውን ሳይተዉ፣ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችንም አቤቱታ አቅራቢውን የልጁን የልደት ማስረጃና ስለ ወላጆቹ ገቢ የሚገኘውን ሰነድ አስይዘው ወደ ፍርድ ቤት ይምሩ። ዕርቅ ጊዜ ቢወስድ ይወስዳል፤ የልጅ ሆድ ግን ቀጠሮ አያውቅም።