ስለ «ፖርት» እና ስለ «ፋየርዎል» አቻ ቃላት

የቴክኒክ ቃል አቻ የሚመረጠው ነገሩ ከሚሰጠው አገልግሎት ነው እንጂ ከቃሉ መልክ አይደለም። የአንድ አነስተኛ ቢሮ ሰርቨር ከብሮድባንድ ኢንተርኔት ጋር የሚገናኝበትን መመሪያ ስንተረጉም ይህ ደንብ በሁለት ቃላት ላይ ይፈተናል።

«ፖርት» አንዳንድ ጊዜ «ወደብ» ተብሎ ይተረጐማል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ቃላት አሉ፤ አንደኛው «ፖርቱስ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ወደብ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከ«ፖርታ» የመጣ ሲሆን በር ማለት ነው። ለኮምፒዩተር የሚስማማው ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም ከ0 እስከ 65535 ባለው ቁጥር የሚለይ መግቢያ ነው። «3389ኛውን ወደብ ክፈት» የሚለውን ያነበበ ሠራተኛ አደጋው አይታየውም። «በር ክፈት» ቢባል ግን ሌባም ሊገባ እንደሚችል ወዲያው ይገነዘባል።

«ፋየርዎል» በጥሬው «የእሳት ግድግዳ» ሲባል ከእሳት የተሠራ ግድግዳ ይመስላል፤ የመነሻው ትርጉም ግን እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይዛመት የሚያግድ ግንብ ነው። ከዚህም በላይ ግድግዳ ማንንም አያሳልፍም፤ መሣሪያው ግን በተሰጠው ደንብ መሠረት አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ይመልሳል። ይህን የሚሠራው በአማርኛ «ኬላ» ነው። ግድግዳ አንዴ ከተሠራ ይበቃል፤ ኬላ ግን ጠባቂና ደንብ ይፈልጋል።

ስለዚህ «በር» እና «ኬላ» የሚሉትን እንመርጣለን። መመሪያውም «ከሚያስፈልገው በር በቀር ሁሉንም ኬላው ይዝጋ» ሲል ለማንም ግልጽ ይሆናል።