የጎንደር ጓሮ፦ በቅርንጫፍ፣ በሥር፣ በዘር

ጎንደር ከተማ ውስጥ በየደጃፉ የሚታየው ጤና አዳም አብዛኛውን ጊዜ ተገዝቶ የመጣ አይደለም። ከጎረቤት፣ ከእናት ቤት ወይም ማኅበር ከተጠጣበት ግቢ የተገኘ ነው። «እትዬ፣ ከጤና አዳምዎ ትንሽ ያካፍሉኝ» ይባላል። «ከጎን ከጎኑ ቆርጠሽ ውሰጂ፣ ያበበውን ተይው» የሚል መልስ ይመጣል። መልሱ የቸርነት ብቻ አይደለም፤ ያበበ ቅርንጫፍ ጉልበቱን ለአበባውና ለፍሬው ስለሚያውል ሥር ለማውጣት ይሰንፋል። የጓሮ ሴቶቻችን የትኛው ተክል በቅርንጫፍ፣ የትኛው ከነሥሩ ተከፍሎ፣ የትኛው በዘር እንደሚተላለፍ ለይተው ያውቃሉ። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሚገባውን ያህል አልተጻፈለትም።

በቅርንጫፍ የሚያዙት ጤና አዳም፣ ኮሰረትና ጽጌረዳ ናቸው። ለመትከል የሚመረጠው በጣም ለጋ ያልሆነ፣ እንጨት ሆኖም ያልጠነከረ ቅርንጫፍ ነው። ለጋው ቶሎ ይጠወልጋል፣ የጠነከረው ሥር ለማውጣት ይዘገያል። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ይበቃል። ከአንጓው ሥር ይቆረጣል፤ አዲስ ሥር በብዛት የሚወጣው ከአንጓው አካባቢ ነውና። የታችኛው ቅጠል ተመልምሎ ሁለት አንጓ ያህል አፈር ውስጥ ይገባል፣ ከላይ ጥቂት ቅጠል ብቻ ይቀራል። ቅጠል ውኃ ያተናል፤ ሥር የሌለው ቅርንጫፍ ደግሞ የወጣበትን ውኃ መተካት አይችልም። ስለዚህ ሥር እስኪይዝ ድረስ ጥላ ያስፈልገዋል። «ይዞ ይሆን?» እያሉ መነቅነቅ ገና ያቆጠቆጠውን ሥር ይበጥሳል። ለመያዙ ምልክቱ አዲስ ቅጠል ነው፤ እስከዚያ መታገሥ ነው። ጤና አዳም ሲቆረጥ ደግሞ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥልና ውኃ ሊቋጥር ስለሚችል፣ ሥራውን ወደ ማታ አድርጎ እጅን መታጠብ ነው።

ጠጅ ሣር ቅርንጫፍ የለውም። ቁጥቋጦው ከነሥሩ ይነቀልና በእጅ እየተከፈለ፣ ቅጠሉ አጠር ተደርጎ ይተከላል። ከዚህ የቀለለ ተክል አላውቅም።

ጌሾ ግን በቅርንጫፍ አይታመንም፤ በብዛት የሚገኘው ከዘር ነው። ፍሬው ከቀይ ወደ ጥቁር ሲዞር ወፎች ሳይቀድሙ ይለቀማል፣ ሥጋው ታጥቦ ዘሩ በችግኝ መደብ ላይ ይዘራል። ችግኙ ክረምት ሲገባ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ የሚፈለግ በመሆኑ አንድ ደህና የጌሾ ዛፍ ለቤትም ለገበያም ይተርፋል። በሶብላም በዘር ነው፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በአፈር ብናኝ ብቻ ሸፈን ይደረጋል፣ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም።

ጊዜውን የሚወስነው ክረምቱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ላይ በምትገኘው ጎንደር ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይወርዳል። መሬቱ ከረጠበ በኋላ፣ በሐምሌ መጀመሪያ የተተከለ ቅርንጫፍ እስከ በጋ ሥሩን ያጠልቃል። በአዘዞና በደምቢያ በኩል ያለው መረሬ ግን ውኃ ስለሚያቁር ተክሉ ሥር ሳያወጣ ይበሰብሳል። እዚያ መደቡን ከፍ አድርጎ ከጎኑ ቦይ ማውጣት ግድ ነው። በጋ ሲገባ ችግሩ ይገለበጣል። ከተማዋ የውኃ እጥረት ያለባት ናት፤ የአትክልትና የእህል እጣቢ ከመድፋት ይልቅ ጠዋት ወይም ማታ ሥር ሥሩ ላይ ማፍሰስ ብዙ ጓሮ አትርፏል። ሳሙና የገባበት ግን ለእንዲህ ያለው አይሆንም።

ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚገባው ኮባ ይመስለኛል። እኛ የምንተክለው ለቅጠሉ፣ ድፎ ዳቦ ለመጋገር ነው። የደቡብ ሕዝብ እንሰት ብሎ ከግንዱና ከሥሩ ቆጮና ቡላ የሚያወጣበትም ይኸው ተክል ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ተክሉን በሥዕል አስደግፎ ገልጾታል፣ ጎንደር ላይ ጥሩ ሆኖ እንደሚያድግም ጽፏል። እንግዲህ ለአፈራችን እንግዳ አይደለም። ሙዝ ከሥሩ ልጅ ያወጣል፤ ኮባ ግን እንዲሁ ከተተወ ልጅ ማውጣት ብዙም አይሆንለትም፣ አንድ ጊዜ አብቦ፣ አፍርቶ ይሞታል። የደቡብ ገበሬዎች ብልሃት ይህን ይፈታል። ለጋውን ተክል ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ይቆርጡታል፣ የመካከለኛውን እምብርት ፈልፍለው ያወጣሉ፣ ጉድጓዱን አፈርና ፍግ ሞልተው ይቀብሩታል። ከጥቂት ወራት በኋላ በዙሪያው በደርዘን የሚቆጠር ችግኝ ይፈላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመካከሉ እምቡጥ በሕይወት እስካለ ድረስ የጎኖቹን እንዳያድጉ ይይዛቸዋል፣ እሱ ሲወገድ ሁሉም ይለቀቃሉ። የበሶብላን ጫፍ ስንቀነጥብ ጎን ለጎን የሚንዠረገገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ዘዴ በጎንደር በየግቢው ብንሠራበት ለዳቦ ቅጠል ፍለጋ የሚንከራተት ባልኖረ ነበር።

ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲወጣ ጓሮው ሌላ ነው። ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ በመሆኑ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውርጭ ይወርዳል፣ ቃሪያና በሶብላ አይችሉትም። የደጋው ባለውለታ ድንች ነው። በ1858 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይጻፋል። ለዘር የሚሆነው የዶሮ እንቁላል የሚያህለው፣ ጤናማው ነው። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ዘር ረጅም፣ ነጭና ተሰባሪ ጉንቁል ያወጣል፤ ብርሃን በተበተነበት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ በስሱ የተዘረጋው ግን አጭርና ጠንካራ ጉንቁል ያበቅላል። በብርሃን አረንጓዴ የሆነው ለዘር እንጂ ለወጥ አይሆንም፣ መርዝነት አለው።

አሁን የመስጠትን አደጋ ልናገር፤ ብዙ ሰው አያስበውምና። ከቅርንጫፉና ከሥሩ ጋር በሽታም ይጓዛል። የድንች አጠውልግ በዘሩ ውስጥ ተደብቆ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይተላለፋል። ነጭ ሽንኩርትን የሚያበሰብሰው፣ ሥሩን ነጭ ሻጋታ አልብሶ ደቃቅ ጥቁር ነጠብጣቦች የሚተወው በሽታ ደግሞ የባሰ ነው፤ አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ከሃያ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። መድኃኒት ተረጭቶ መሬቱን በቀላሉ ማንጻት አይቻልም።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ለጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ወይም የድንች ዘር የምትሰጡ ሁሉ፣ ቅጠሉ ያለጊዜው ከጠወለገ ወይም ቢጫ ሆኖ ከደረቀ መደብ አትስጡ። ነጭ ሽንኩርት የምትቀበሉም ሥሩን ገልጣችሁ እዩ፤ ነጭ ሻጋታ ካለበት አትትከሉት፣ ከእርሻችሁ ርቃችሁ አቃጥሉት።