የላቦራቶሪ ደህንነት ከቧንቧና ከማቀዝቀዣ ጥገና ይጀምራል

አደገኛ ተሕዋስያን የሚያዙባቸው የባዮቴክኖሎጂ ላቦራቶሪዎች ሲነሱ በቅድሚያ የሚታሰበው የተመራማሪዎቹ ዕውቀትና የመሣሪያዎቹ ዘመናዊነት ነው። ይሁንና የእነዚህ ተቋማት ደህንነት በእጅጉ የሚወሰነው ከዓይን በተሰወሩት የፍሳሽ ቧንቧዎች፣ የአየር ማጣሪያዎች፣ የኤሌክትሪክ መስመሮችና ማቀዝቀዣዎች አያያዝ ነው። ከዓመታት በፊት በእንግሊዝ አገር የደረሰ አንድ ክስተት ይህንኑ በግልጽ አሳይቷል።

ሐምሌ 27 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2007) በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰሪ ግዛት በሚገኝ አንድ የከብት እርባታ የአፍተግር በሽታ መከሰቱ ተረጋገጠ። የተገኘው ቫይረስ በወቅቱ በእንስሳት መካከል ከሚዘዋወሩት ዝርያዎች የተለየ፣ ለምርምርና ለክትባት ምርት በላቦራቶሪ የሚያዝ ነበር። በመሆኑም የምርመራው ትኩረት ከእርባታው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው የፒርብራይት ግቢ ላይ አረፈ። በግቢው አንድ የእንስሳት ጤና ምርምር ተቋምና አንድ የክትባት አምራች ኩባንያ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር።

በምርመራው ሂደት ትኩረት የሳበው ከመሬት በታች የተቀበረው የፍሳሽ መስመር ነው። ቧንቧዎቹ አርጅተው ተሰነጣጥቀዋል፤ የዛፍ ሥር ገብቶባቸዋል፤ አንዳንድ የፍሳሽ ጉድጓዶችም በሚገባ አልታሸጉም። ሕይወት ያለው ቫይረስ የያዘ ፍሳሽ ወደ መጨረሻው ማከሚያ ከመድረሱ በፊት ወደ አፈሩ ሳይሰርግ እንዳልቀረ መርማሪዎቹ ገልጸዋል። በዚያ ክረምት የጣለው ከባድ ዝናብ ሁኔታውን እንዳባባሰው፣ በግቢው በግንባታ ላይ የነበሩ ተሽከርካሪዎችም የተበከለውን ጭቃ ይዘው ሳይወጡ እንዳልቀሩ አመልክተዋል። በሽታው እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ በድምሩ በ8 የእርባታ ቦታዎች የተረጋገጠ ሲሆን፣ የእንስሳት ዝውውርና የሥጋ ንግድ በመታገዱ ከላቦራቶሪው ጋር ግንኙነት የሌላቸው አርቢዎች ጭምር ተጎድተዋል።

ቧንቧዎቹ መታደስ እንዳለባቸው አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ሆኖም ወጪውን ማን ይሸፍን በሚለው ጉዳይ ስምምነት ባለመደረሱ ሥራው ተጓቷል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው አንድ የጋራ መገልገያ ኃላፊነቱ በግልጽ ካልተሰጠ፣ ጉድለቱን ሁሉም እያወቀው የሚጠግነው ሊጠፋ እንደሚችል ነው።

በቁጥጥር ሥር በሚሠሩ ላቦራቶሪዎች ይህን መሰሉን ክፍተት ለመዝጋት የሚያገለግለው አሠራር በአንድ የተሟላ መዝገብ ይጀምራል። እያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ቁጥር፣ ተጠሪ ባለሙያና የጥገና ቀጠሮ ይኖረዋል። አዲስ መሣሪያም ሥራ የሚጀምረው ሦስት ነገሮች ከተረጋገጡ በኋላ ነው፤ በትክክል መተከሉ፣ እንደተባለው መሥራቱ እና በዕለት ተዕለቱ ሥራ ላይ ተመሳሳይ ውጤት ደጋግሞ መስጠቱ።

ማረጋገጫው ግን በተከላው ዕለት አያበቃም። በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት ቆሻሻን የሚያመክነው አውቶክሌቭ የሙቀት መለኪያው ትክክለኛውን ቁጥር ማሳየቱ ብቻውን በቂ ስላልሆነ፣ ሙቀትን በሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ስፖር አማካይነት በየጊዜው ይፈተሻል። 0.3 ማይክሮን መጠን ካላቸው ብናኞች ቢያንስ 99.97 በመቶውን የሚያስቀሩት የአየር ማጣሪያዎችም፣ ካቢኔቱ ከቦታው በተንቀሳቀሰ ቁጥርና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ፒፔቶችና ሚዛኖች የልኬት ማረጋገጫ ይደረግላቸዋል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደወልና መጠባበቂያ ጄኔሬተር የግድ ይላቸዋል። ጄኔሬተሩም ቢሆን መብራት እስኪጠፋ ሳይጠበቅ በጭነት ላይ መሞከር ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ በጽሑፍ ካልሰፈረ ለተቆጣጣሪ አካል እንዳልተሠራ ይቆጠራል። መዝገቡ መቼ፣ በማንና በምን ውጤት እንደተሠራ የሚናገር በመሆኑ፣ ብልሽት ሲገኝ ከዚያ በፊት የወጡትን ውጤቶች ወደ ኋላ ተመልሶ ለመመርመር ያስችላል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን የቀንድ ከብት ፈጅቶ በታሪክ «ክፉ ቀን» የሚባለውን ረሃብ ያስከተለው የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ከዚያ ወዲህ ቫይረሱ የሚገኘው በላቦራቶሪዎች ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ እንዲያስቀምጡት ዓለም አቀፍ ፈቃድ ከተሰጣቸው ጥቂት ተቋማት አንዱ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። ፒርብራይት በበኩሉ ይዞት የነበረውን የደስታ ቫይረስ የዘር መረጃውን ከመዘገበ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 አውድሟል፤ የማይኖር ናሙና ሊያመልጥ አይችልምና።

የሚቀመጠው ናሙና ግን ዕለት በዕለት ጥበቃ ይሻል። ትውልዶች የደከሙበትን በሽታ የማጥፋት ድል ጠብቆ ለማቆየት፣ የሚዘጋ በር፣ የማይቋረጥ ኃይልና በወቅቱ የሚጠገን ቧንቧ ከክትባቱ ያላነሰ ድርሻ አላቸው። በመሆኑም ተቋማት በጀታቸውን ሲያዘጋጁ ለአዳዲስ መሣሪያዎች ግዢ የሚሰጡትን ትኩረት ለጥገናም ሊሰጡ፣ ለእያንዳንዱ መገልገያም ተጠያቂ ባለቤት ሊሰይሙ ይገባል።