ርካሽ ውል፣ ውድ ስም፦ የቤዝቦል ክለቦች በጉዳት የተፈተኑ የቀድሞ ኮከቦችን የሚያስፈርሙበት አሠራር

መግቢያ

በጥር 2006 በአሜሪካ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ክለብ የነበረው ኦክላንድ አትሌቲክስ ፍራንክ ቶማስ ከተባለ አንጋፋ መቺ ጋር የአንድ ዓመት ውል ተፈራረመ። ቶማስ በ1993 እና በ1994 በተከታታይ የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል። በ2005 ግን በእግሩ ላይ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ከውድድር ዘመኑ 162 ጨዋታዎች መካከል በ34ቱ ብቻ ተሰልፏል፤ ዕድሜውም ወደ 38 ዓመት ተቃርቦ ነበር። ለረጅም ዘመን ያገለገለው ቺካጎ ዋይት ሶክስ ውሉን ከማራዘም ይልቅ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ አሰናበተው። ኦክላንድ ያረጋገጠለት ክፍያ 500,000 ዶላር ነበር፤ በቂ ጊዜ ከተጫወተ ደግሞ እስከ 2.6 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያገኝ ተስማማ። በዚያ ዓመት የሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ 327,000 ዶላር ስለነበር፣ የተረጋገጠው ክፍያ ለጀማሪ ተጫዋች ከሚከፈለው ብዙም አይርቅም። ቶማስ በ137 ጨዋታዎች ተሰልፎ 39 ሆም ራን፣ ማለትም ከሜዳው አጥር የሚያልፍ ምት፣ አስመዘገበ። ክለቡም የምድቡ አሸናፊ ሆነ።

የቶማስ ውል ብቸኛ አይደለም። በየዓመቱ የውድድር ዘመኑ ከተጠናቀቀ በኋላ ክለቦች ጉዳት ያደከማቸውን የቀድሞ ኮከቦች በአነስተኛ ዋጋ ያስፈርማሉ። ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንደ ትንበያ ጥያቄ ነው፦ ተጫዋቹ ያገግማል ወይስ አያገግምም? ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ግን የአሠራሩ ትርፍ በትንበያው ትክክለኛነት ላይ ከሚመሠረተው ይልቅ፣ ክለቡ ሲሳሳት ምን ያህል በአነስተኛ ወጪና በፍጥነት መውጣት እንደሚችል ላይ እንደሚመሠረት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዋጋው የሚወድቅበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ጊዜ የተጎዳ አካል እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በተለይም ኳስ ወርዋሪዎች በየጥቂት ቀናት ልዩነት በሙሉ ኃይላቸው ስለሚወረውሩ ክርናቸውና ትከሻቸው ለጉዳት የተጋለጠ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመረጃ አለመመጣጠን ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጥናት በአገልገሎት ላይ የዋሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ እንዳሳየው፣ ሻጭ ስለ ዕቃው ከገዢ የተሻለ የሚያውቅ ከሆነ ገዢ ለሽያጭ የቀረበውን ሁሉ ይጠራጠራል፤ ዋጋም ይወድቃል። በቤዝቦልም የተጫዋቹን አካል ከሁሉ የተሻለ የሚያውቀው የቆየበት ክለብ ነው፤ ሐኪሞቹና አሠልጣኞቹ ለዓመታት ተከታትለውታልና። ኬኔት ሌን በ1984 ባሳተመው ጥናት ወደ አዲስ ክለብ የተዛወሩ ነፃ ተጫዋቾች በነበሩበት ክለብ ከቀሩት ይልቅ ከውል በኋላ ብዙ ቀናት በጉዳት ከሜዳ እንደራቁ አሳይቷል። በዚህ እይታ ዋይት ሶክስ ቶማስን ለማሰናበት ገንዘብ መክፈሉ ለገበያው መጥፎ ምልክት ነበር። የኦክላንድ ውል ርካሽ የሆነውም በከፊል በዚሁ ነው።

ውሉ ጥርጣሬን የሚፈታበት መንገድ

ክለቡ የማያውቀውን የተጫዋቹን የጤና ሁኔታ ተጫዋቹ ራሱ በተሻለ ያውቀዋል። ዝቅተኛ የተረጋገጠ ክፍያና ከፍ ያለ ሁኔታዊ ክፍያ ያለው ውል ይህን ዕውቀት ወደ አደባባይ ያወጣል። በአካሉ የሚተማመን ተጫዋች ይቀበለዋል፤ የማይተማመን ግን የተረጋገጠ ገንዘብ ወደሚሰጠው ያዘነብላል።

እዚህ ላይ አንድ የሊጉ ደንብ ልብ ሊባል ይገባዋል። በሜጀር ሊግ ውል ውስጥ ተጨማሪ ክፍያን ከሆም ራን ብዛት ወይም ከድል ቁጥር ጋር ማያያዝ የተከለከለ ነው። የሚፈቀደው ከጨዋታዎች ብዛት፣ ለመምታት ከቀረበባቸው ተራዎች፣ ከወረወራቸው ኢኒንጎች፣ በቡድኑ ስብስብ ውስጥ ከቆየባቸው ቀናት ወይም ከሽልማቶች ጋር ማያያዝ ነው። ስለዚህ ሁኔታዊ ክፍያው በዋናነት የሚለካው የተጫዋቹን ችሎታ ሳይሆን በሜዳ መገኘቱን ነው። ችሎታው ባልተጠረጠረ፣ ጤናው ግን በተጠረጠረ ኮከብ ላይ ይህ የክፍያ መስፈርት ከጥርጣሬው ጋር በትክክል ይገጥማል።

ከዚህም የሚቀል ውል አለ። ክለቡ ተጫዋቹን በማይነር ሊግ ውል ያስፈርመውና ለቅድመ ውድድር ልምምድ ይጋብዘዋል፤ የሜጀር ሊግ ደመወዝ የሚከፍለው ዋናውን ቡድን ከተቀላቀለ ብቻ ነው። ኒው ዮርክ ያንኪስ በ2011 ባርቶሎ ኮሎንን ያስፈረመው በዚህ መንገድ ነው። ኮሎን በ2005 ለሊጉ ምርጥ ኳስ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ያገኘ ቢሆንም፣ በ2010 በሜጀር ሊግ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም ነበር። ቡድኑን ከተቀላቀለ 900,000 ዶላር እንደሚከፈለው ተስማማ፤ በዓመቱም 164 ኢኒንግ ወረወረ።

ኪሳራን መገደብ

ግሬዲ ሳይዝሞር ሁለቱን የውል ዓይነቶች በአንድ ሰው ሕይወት ለማነጻጸር ያስችላል። ከ2006 እስከ 2008 በተከታታይ ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠው ይህ የመካከለኛ ሜዳ ተጫዋች በጉልበትና በጀርባ ጉዳት ተዳከመ። ክሊቭላንድ ለ2012 የ5 ሚሊዮን ዶላር የተረጋገጠ ክፍያ ሰጠው፤ ሳይዝሞር ግን በዓመቱ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። በ2014 ቦስተን ሬድ ሶክስ 750,000 ዶላር ብቻ አረጋግጦ፣ ሁኔታዊ ክፍያ ጨምሮ አስፈረመው። በመክፈቻው ጨዋታ ሆም ራን ቢመታም፣ ከ52 ጨዋታዎች በኋላ በሰኔ ወር ከቡድኑ ወጣ። ሁለቱም ክለቦች የፈለጉትን ኮከብ አላገኙም፤ የቦስተን የገንዘብ ኪሳራ ግን ከክሊቭላንድ እጅግ ያነሰ ነው። ልዩነቱ የመጣው ስለ ተጫዋቹ ጤና የተሻለ በመተንበይ ሳይሆን የተለየ ውል በመጻፍ ነው።

አመክንዮው በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ክለብ አራት ተጫዋቾችን እያንዳንዳቸውን በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢያስፈርምና ሦስቱ ቢከሽፉ፣ አራተኛው ግን በገበያ 8 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አገልግሎት ቢሰጥ፣ ክለቡ ከአራት ሦስት ጊዜ ተሳስቶም አትርፏል። የተረጋገጠው ክፍያ 5 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን ኖሮ ግን በዚያው የስኬት መጠን 12 ሚሊዮን ዶላር ይከስር ነበር።

ኪሳራን ሻጩ እንዲጋራ ማድረግም ይቻላል። ቦስተን በታኅሣሥ 2023 ለዓመታት በጉዳት የተፈተነውን ክሪስ ሴልን ለአትላንታ ብሬቭስ ሲያስተላልፍ፣ ከ2024 ደመወዙ 17 ሚሊዮን ዶላር ያህሉን ራሱ ሸፈነ። ሴል በዚያው ዓመት 18 ጨዋታዎችን አሸንፎ የሳይ ያንግ ሽልማትን አገኘ። በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ግን በጀርባ ሕመም ምክንያት ከማጣሪያው ዙር ቀረ።

በደመወዝ የማይገለጽ ወጪ

ውሉ ርካሽ ነው ማለት ውሳኔው ርካሽ ነው ማለት አይደለም። የሜጀር ሊግ ቡድን ስብስብ እስከ 2019 በ25፣ ከ2020 ጀምሮ በ26 ተጫዋቾች የተወሰነ ነው። አንጋፋው የያዘው ቦታ ለወጣት ተጫዋች ያልተሰጠ ቦታ ነው። በ2014 ሳይዝሞር ለመካከለኛው ሜዳ ሲመረጥ ተፎካካሪው ጃኪ ብራድሊ ጁኒየር የተባለ ወጣት ነበር። ይህ የታለፈ ዕድል ዋጋ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም።

ሌላው ወጪ የሽንፈት ነው። ቦስተን በ2009 ከጉዳት የተመለሱ በርካታ አንጋፋዎችን በአንድ ጊዜ አስፈርሞ ነበር። 1.5 ሚሊዮን ዶላር የተከፈለው ታካሺ ሳይቶ ጥሩ ዓመት አሳለፈ። በ5.5 ሚሊዮን ዶላር የፈረመው ጆን ስሞልትዝ ግን፣ ከትከሻ ቀዶ ሕክምና ሲመለስ፣ በስምንት ጨዋታዎች ሁለት አሸንፎ አምስት ተሸነፈ፤ በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ ሲሰላ በአማካይ 8.33 ነጥብ ተቆጠረበት። ክለቡ በነሐሴ ወር አሰናበተው። ቡድኑ በዓመቱ 95 ጨዋታዎችን አሸንፎ ወደ ማጣሪያው ዙር አለፈ። ይህ የሆነው ዕጣው በአንድ ሰው ላይ ስላልተጣለና የከሸፈውን ለመተካት የሚበቃ ተጫዋች ስለነበረ ነው።

የመውጫውን በር የሚያጠበው ብዙውን ጊዜ ስም ነው። ስም የሌለው ተጫዋች ስምንት ጨዋታ ቢበላሽበት በቶሎ ይሰናበታል፤ የታላቅ ኮከብ ግን ሌላ ዕድል ይገባዋል ይባላል፤ ተመልካቹም ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም እንደሚባለው፣ የቀድሞ ሽልማት የነገን ጨዋታ አያሸንፍም። ተጫዋቹ ከመፈረሙ በፊት የመውጫ መለኪያውን የወሰነ ክለብ ከዚህ ጫና ራሱን በተሻለ ይጠብቃል።

አደጋውን የሚሸከመው ማን ነው?

የክለቡ ኪሳራ ሲገደብ አደጋው አይጠፋም፤ ወደ ተጫዋቹ ይሸጋገራል። በ2003 ለቺካጎ ከብስ 18 ጨዋታዎችን ያሸነፈው ማርክ ፕራየር ከ2006 በኋላ በተለያዩ ክለቦች የማይነር ሊግ ውል ለመመለስ ቢሞክርም፣ ወደ ሜጀር ሊግ ሳይመለስ ጫማውን ሰቀለ። ክለቦቹ በእያንዳንዱ ሙከራ ያወጡት ጥቂት ነው፤ እርሱ ግን የሰጠው ዓመታቱንና ክንዱን ነበር።

ክፍያን ከመገኘት ጋር ማያያዝም የጥቅም ግጭት ይፈጥራል። ቶማስ ከኦክላንዱ ስኬት በኋላ ከቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ጋር የሁለት ዓመት 18.12 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። በቂ የመምታት ተራ ካገኘ ደግሞ ለ2009 ሌላ 10 ሚሊዮን ዶላር ይረጋገጥለት ነበር። በሚያዝያ 2008 አጀማመሩ ደካማ ሲሆን ክለቡ ከቋሚ ሰልፍ አወጣው። ቶማስ ቅሬታውን በይፋ ገለጸ፤ በማግስቱም ተሰናበተ። ክለቡ ለውሳኔው የሰጠው ምክንያት የተጫዋቹ ውጤት ነበር። ያም ሆኖ ሰልፉን የሚያወጣው ክፍያውን የሚፈጽመው አካል በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ውል ሁለቱም ወገኖች በመልካም እምነት ቢሠሩ እንኳ ጥርጣሬን ይጋብዛል።

ማጠቃለያ

በጉዳት የተፈተነን ኮከብ በአነስተኛ ዋጋ ማስፈረም ያለፈ ዝናን መግዛት አይደለም፤ ለመሞከርና ሙከራው ካልሠመረ ለማቆም የሚያስችል መብት መግዛት ነው። የዚህ መብት ዋጋ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በተረጋገጠው ክፍያ ማነስ፣ በቦታው ሊተካ የሚችል ተጫዋች በመኖሩ፣ እና ክለቡ በጊዜ ለማቆም ባለው ቁርጠኝነት። የመጀመሪያው በውል ይጻፋል፤ ሁለተኛው በቡድን ግንባታ ይገኛል፤ ሦስተኛው ግን የአስተዳደር ባሕርይ ነውና በገንዘብ አይገዛም። ውሉን ርካሽ ያደረገው የዋጋ ልዩነት በአብዛኛው የተከፈለው በተጫዋቹ በኩል መሆኑም በግምገማው ውስጥ ሊገባ ይገባል። ቶማስ ከቶሮንቶ በተሰናበተ በቀናት ውስጥ ተመልሶ የፈረመው ለኦክላንድ ነበር፤ የዚያ ዓመት ጨዋታዎቹም የመጨረሻዎቹ ሆኑ።