ትንፋሽ የሚጋርደው መስታወት

በክረምት ሌሊት ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሞተር ብስክሌት የሚወርድ ሰው መንገዱን በደንብ እያየ ይመጣል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲቆም ግን የራስ ቁሩ (የሄልሜቱ) መስታወት በአንድ አፍታ ይጋረድበታል። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሞተሩ ሲሮጥ በቁሩ ቀዳዳዎች የሚገባው ነፋስ እርጥቡን አየር ጠርጎ ያወጣው ነበር። ሲቆም ነፋሱም ይቆማል፤ ትንፋሹ ግን አይቆምም።

ከአፍና ከአፍንጫ የሚወጣው አየር ሙቀቱ ወደ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ በውኃ ተንም የጠገበ ነው ለማለት ይቻላል። በዚህ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 37 ግራም ያህል ተን ይሸከማል። መስታወቱ 10 ዲግሪ ከሆነ ግን፣ እርሱን ነክቶ የቀዘቀዘው አየር የመሸከም አቅሙ ወደ 9.4 ግራም ይወርዳል። የተረፈው ተን ፈሳሽ ሆኖ መስታወቱ ላይ ያርፋል። ማለዳ ሣር ላይ የምናየው ጤዛ የሚፈጠረውም በዚሁ ሕግ ነው።

ውኃ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ሳለ ስለምን ይጋርዳል? ምክንያቱ የጠብታው ቅርጽ ነው። በልማድ መስታወት የምንለው ይህ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ፖሊካርቦኔት ከተባለ ፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን፣ ፕላስቲኩ ውኃን እምብዛም አይስብም። ስለዚህ ውኃው እርስ በርሱ ተሳስቦ እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች ይሠራል፤ ጠብታዎቹም ብርሃንን ወደየአቅጣጫው ይበትናሉ። የመጪ መኪና መብራት ሲያርፍባቸው ከነጭ ብልጭታ በቀር የሚታይ ነገር አይኖርም።

መፍትሔው እንግዲህ ውኃውን ማንጠፍ ነው። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውኃ ወዳድ፣ ሌላው ዘይት ወዳድ ነው። ዘይት ወዳዱ ፕላስቲኩን ሲይዝ ውኃ ወዳዱ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ያረፈው ውኃ በስስ ሽፋን ይነጠፍና ብርሃኑ ሳይበተን ያልፋል። አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በውስጠኛው ገጽ ላይ በስሱ ቀብቶ፣ ሲደርቅ በለስላሳ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። የጥርስ ሳሙና ግን ፕላስቲኩን ይፍቃል፤ የተፋቀ መስታወት ደግሞ ጉም ባይኖርም ብርሃን ይበትናል።

ይህ ችግር ጠፈርተኞችንም አስጨንቋል። እ.ኤ.አ. በጁን 1966 ዩጂን ሰርናን ከጄሚኒ 9ኤ መንኮራኩር ወጥቶ ሲሠራ ከድካም ብዛት የቁሩ መስታወት ተጋርዶበት፣ በአፍንጫው ጠርጎ በከፈታት ጠባብ ቦታ ለማየት ተገደደ፤ የታሰበው ሙከራም ቀረ። ከዚያ በኋላ ከመውጣት በፊት ጉም መከላከያ መቀባት ተለመደ። በ2001 ደግሞ ካናዳዊው ክሪስ ሃድፊልድ ያው መከላከያ ዓይኑ ገብቶ ከመንኮራኩሩ ውጭ ሳለ ለጊዜው ማየት ተሳነው። ስለዚህ ውልወላውን ማቃለል አይገባም።

ሳሙናው በውኃ እየታጠበ ስለሚሄድ በየጥቂት ቀኑ መታደስ አለበት። ፒንሎክ የሚባለው ዓይነት የውስጥ ሽፋን በዚህ ይሻላል፦ በሁለቱ ፕላስቲኮች መካከል የታሸገው አየር ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ የውስጠኛው ገጽ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ዋጋው ያልተመቸው ሰው መስቀለኛው ከመድረሱ በፊት መስታወቱን በጣት ስፋት ከፍ ማድረግ ይችላል፤ ዝናቡ ፊቱን ይመታዋል እንጂ መንገዱስ ይታየዋል።